ታትሞ የሚሰጥ ፎቶ፦ ከኩስኮ እስከ ቲቲካካ

አያቴ በሕይወቷ ስንት ጊዜ ፎቶ እንደተነሳች እግዜር ይወቀው። ባሕር ዳር፣ ታንኳዎች ከሚያርፉበት ዳርቻ ተቀምጣ ቆሎ ትሸጥ ነበር። ቱሪስቶች ወደ ገዳማቱ የሚወስዳቸውን ጀልባ እስኪጠብቁ ካሜራቸውን ወደ እሷ ያዞራሉ። ነጠላዋን ታስተካክልላቸዋለች፣ ያነሷታል፣ ይሄዳሉ። አንዱ ግን «እልክልሻለሁ» አለ። አድራሻውን የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ የ10 ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የአባቴን የፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ በደብተር ቅዳጅ ላይ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴ ፖስታ ቤት ደርሶ በመጣ ቁጥር «መጣልኝ?» ትለው ነበር። አልመጣም። ስታርፍ ለለቅሶው የሚሆን ፎቶ ፈልገን ስናጣ፣ ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለችውን ጉርድ አስነስተን አስተለቅናት። ስትተልቅ ከፊቷ ይልቅ ጎልቶ የወጣው ግንባሯ ላይ ያረፈው ማኅተም ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ባለፈው ሰኔ ወደ ፔሩ ስሄድ ከሁለቱ ሌንሶቼ አጠገብ በባትሪ የምትሠራ፣ ዳዊት የምታህል ማተሚያ ለምን እንደያዝኩ እንድትረዱልኝ ነው። 60 ወረቀት ነበረኝ። ወደ አንዲስ ተራሮች የመሄድ ምኞቴ የቆየ ነው፤ ለካሜራ የተፈጠሩ የሚመስሉ ቦታዎች የሞሉበት አገር መሆኑን ማንም ያውቃል። እኔ ግን ቦታዎቹን ያየኋቸው በእነዚያ 60 ወረቀቶች በኩል ነው።

ኩስኮ 3,400 ሜትር ላይ ናት። ለዓመታት ሜሪላንድ፣ ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቅ ምድር ለኖረ ሰው ቀላል አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ ያረፍኩበት ቤት ሰዎች የኮካ ቅጠል ሻይ እያፈሉ አስታመሙኝ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ በር ከፍቼ ስወጣ የማውቀው ሽታ ተቀበለኝ። የባሕር ዛፍ ጭስ! እዚያም እንደ እኛው ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፣ ተራራውን ለብሶታል፣ እናቶች ይማግዱታል። ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ ቆምኩ፤ እንጦጦ ነበርኩ።

በሰኔ እዚያ ክረምት ነው፤ የእኛን ክረምት ግን አይመስልም። ዝናብ የለም፣ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፣ ቀኑ ጥርት ያለ ነው። ፀሐይ በሰሜን በኩል ዘንበል ብላ ታልፋለች፤ ስለዚህ ወደ ሰሜን የዞረው ግድግዳ ሲበራ ወደ ደቡብ የዞረው ጥላ ውስጥ ይውላል። ካሜራ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ካላወቀ ግማሹን ቀን ያባክናል። አየሩ ስስ በመሆኑ ብርሃኑ ነጭ፣ ጥላው ጥቁር ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የሰው ፊት በፀሐይ ላይ አላነሳም ብዬ ቆረጥኩ፤ በዚያ ሰዓት የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፣ ቆዳ ይነጣል፣ ሰውዬው ራሱን አይመስልም። የኔ ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሆነ።

በዚያ ሰዓት ሐቱን ሩሚዮክ የሚባለውን ጠባብ መንገድ ያዝኩ። ባለ 12 ማዕዘኑ ድንጋይ ያለው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ፣ እያንዳንዱ ማዕዘን ከጎረቤቱ ጋር ተሳስሞ ተቀምጧል። የላሊበላ ጠራቢዎች አንዱን አለት ፈልፍለው ቤት አወጡበት፤ ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት አገሩን የገዙት የኢንካ ሰዎች ጠራቢዎች ደግሞ ድንጋይን ከድንጋይ አጋቡ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ቆሪካንቻ አለ፤ ስፔኖች የኢንካውን የፀሐይ ቤተ መቅደስ አፍርሰው በመሠረቱ ላይ የሳንቶ ዶሚንጎን ገዳም ገነቡበት። በ1950 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ከተማዋን ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ የገዳሙን ግንብ ሲጎዳ፣ ከሥር ተሸፍኖ የኖረው የኢንካ ግድግዳ ብቅ አለ። ሁለቱን በአንድ ፎቶ ማስገባት ይቻላል፣ አስገብቻለሁም።

ከድንጋዩ ጥግ ያሸበረቀ ልብስ ለብሰው፣ አልፓካ የሚባለውን ሱፋም የአንዲስ እንስሳ ግልገል አቅፈው የሚቆሙ ሴቶች አሉ። ሰዉ «ሳካሜፎቶስ» ይላቸዋል፣ «ፎቶ አንሱኝ» እንደማለት ነው። አንዳንድ ተጓዥ ሲያያቸው «ይሄ ለቱሪስት የተሠራ ነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል። እኔ አልስማማም። ፊቴን ስታነሳ ክፈለኝ ማለት ነውር አይደለም፤ አያቴም እንዲህ ብትል ኖሮ ደስ ባለኝ ነበር። ለአንዷ እናት የጠየቁኝን ከፈልኩ፣ አነሳኋቸው፣ ከዚያ ማተሚያዋን ከቦርሳ አወጣሁ። ስፓኒሽ ያስተማሩኝ ሜሪላንድ አብረውኝ የሚሠሩ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ናቸው፤ ተሰባብሮም ቢሆን ይሠራል። «ማሚታ፣ ይሄ የእርስዎ ነው» አልኳቸው። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀለሙ እስኪደርቅ እንደ እሳት አራገቡት። እዚያ ጥግ ሲቆሙ ዓመታት እንዳለፋቸው፣ ግን አንድም ፎቶ በእጃቸው ገብቶ እንደማያውቅ ነገሩኝ። ከዚያ ሁለተኛ ጠየቁ፤ ሊማ ላለችው ልጃቸው የሚልኩት።

ወደ ኩስኮ ከሳበኝ ነገር ሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ፎቶ አንሺ ነው። ማርቲን ቻምቢ በ1891 በፑኖ ክፍለ አገር፣ ኮአሳ በምትባል መንደር የአንዲስን ነባር ቋንቋ ኬችዋን ከሚናገሩ ገበሬዎች ተወለደ። አባቱ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ወርቅ በሚያወጣበት ቦታ ሊሠራ ሲሄድ ልጁም ተከተለ፤ ካሜራን መጀመሪያ ያየው እዚያ፣ በኩባንያው ፎቶ አንሺዎች እጅ ነው። በ1908 አሬኪፓ ወርዶ በማክስ ቫርጋስ ፎቶ ቤት ተለማማጅ ሆነ። በ1917 ሲኩዋኒ በምትባል ከተማ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ፣ በ1920 ኩስኮ ገባ፣ እስኪሞት እስከ 1973 ድረስ ኩስኮ የእሱ ከተማ ሆነች።

የቻምቢን ሥራዎች ያየሁት መጀመሪያ በስልክ፣ ከዚያ በትልቅ ህትመት ፊት ለፊት ቆሜ ነው። ሙሽሮች፣ ዳኞች፣ ቢራ የሚጠጡ ገበሬዎች፣ በባዶ እግራቸው የቆሙ ልጆች፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ተነስተዋል። በ1925 ያነሳው፣ የፓሩሮው ግዙፍ ሰው የሚባለው ፎቶ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ሰውዬው በቁመቱ ጉድ የተባለለት ገበሬ ነው፤ ልብሱ ጥፍ በጥፍ ላይ ነው፤ ሌላ ሰው ቢያነሳው ለመገረሚያ ነበር የሚያነሳው። ቻምቢ ግን ጥፎቹን አንድ በአንድ እንድንቆጥራቸው ያህል አብርቶ፣ ፊቱን ግን የንጉሥ ፊት በሚነሳበት ክብር አነሳው። ሰውዬው ካሜራውን ቀጥ ብሎ ያየዋል። ከፎቶ አንሺው ጋር ቋንቋ እንደሚግባቡ ያስታውቃል።

እኔን የነካኝ ይህ ነው። የኩስኮ ሰው ወደ ቻምቢ ፎቶ ቤት ራሱ ሄዶ፣ ለብሶ፣ ተስተካክሎ ይነሳል፤ ፎቶውንም ይዞ ይወጣል። ቀለም የተቀባ መጋረጃ ከጀርባ፣ የሚያሳምር ወንበር ከጎን፣ እኛም ባሕር ዳር ለበዓል ስንነሳ እንደምናውቀው። የመስታወት ኔጋቲቮቹን ቤተሰቡ ጠብቆ አቆያቸው። በ1979 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን ሲያሳይ እሱ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ተራራ ላይ ስላለው የኢንካ ከተማ ፍርስራሽ፣ ስለ ማቹ ፒቹ ብዙ የምለው የለኝም። ሄጃለሁ፣ ውብ ነው፣ ጭጋጉ ሲገለጥ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ከኩስኮ ዝቅ ይላል፣ 2,430 ሜትር ገደማ ነው፣ ሳንባዬ አረፈ። ትኬቱ ሰዓትና መስመር አለው፣ ትሪፖድና ድሮን አይገባም፤ ስለዚህ በእጃችሁ ጸንታችሁ ማንሳት ልመዱ። በልቤ የቀረው ግን ሌላ ነገር ነው። አሜሪካዊው ሃይረም ቢንግሃም በ1911 ወደዚያ ሲወጣ እርከኖቹን የሚያርሱ የገበሬ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ፍርስራሹንም መርቶ ያሳየው የእነሱ ልጅ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ናሽናል ጂኦግራፊክ አንድ ሙሉ እትም ለቦታው ሰጠ፣ ፎቶዎቹም ዓለምን ዞሩ። «ተገኘ» ተባለ። ያ ልጅ ቤቱ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ከማቹ ፒቹ ይልቅ ቺንቼሮ አሰነበተኝ። ከኩስኮ በላይ ከፍ ያለች፣ ቀይ አፈር ያላት የሸማኔዎች ከተማ ናት። ሴቶቹ መንገድ ሲሄዱም፣ ቆመው ሲያወጉም እንዝርት ከእጃቸው አይለይም፤ የሚፈትሉት ግን ጥጥ ሳይሆን የበግና የአልፓካ ሱፍ ነው። የሽመና ዕቃቸው አንዱ ጫፍ ከግንድ ይታሰራል፣ ሌላው ከወገባቸው፤ ሸማኔዋ ወደ ኋላ ስትለጠጥ ድሩ ይወጠራል፣ ወደ ፊት ስትጎነበስ ይላላል።

አንዲት ሸማኔ ቀለም ሲያወጡ እንዳነሳ ፈቀዱልኝ። ከበለስ ቁልቋል ላይ የምትለቀም፣ ከደረቀች በኋላ ከምስር ፍሬ የምታንስ፣ አመድ የመሰለች ትል አለች፣ ኮቺኒል ይሏታል። አንዷን መዳፋቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው ደቆሷት። መዳፋቸው ደም መሰለ። ሎሚ ጠብ ሲያደርጉበት ወደ ብርቱካናማ ተለወጠ፣ ሌላ ጨው ሲጨምሩበት ወይን ጠጅ ሆነ። ፔሩ ለዓለም ብዙውን ኮቺኒል የምታቀርብ አገር ናት፤ በከንፈር ቀለምና በምግብ ውስጥ ያለው ቀይ የዚህችው ትል ነው።

እኔ ግን ትሏን በሌላ ሥራዋ አውቃታለሁ። ትግራይ ውስጥ ለዚሁ ቀለም ተብላ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገብታ፣ የተፈጥሮ ጠላት በሌለበት አገር ከቁጥጥር ወጥታ የስንቱን ገበሬ በለስ አድርቃለች። በክረምት የድሃ ቤት ጉርስ፣ የከብት መኖ፣ የጓሮ አጥር የነበረው በለስ ነጭ ጥጥ ለብሶ ሲረግፍ በፎቶ አይቼ ነበር። ይህን ለሸማኔዋ ስነግራቸው እጃቸውን ከማሰሮው አውጥተው ዝም አሉ። «እዚህ እኛ እንለቅማታለን፣ ወፉም ነፍሳቱም ይበላታል» አሉኝ ቆይተው። «እናንተ ጋ ብቻዋን ለቀቋት?» ምን ልበል? አዎ አልኩ።

ከዚያ ፎቶውን አትሜ ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ወስደው፣ አሁን ነክረው ካወጡት ክር አጠገብ ያዙትና «ይሄ የኔ ቀይ አይደለም» አሉ። እውነታቸውን ነው። በሰማያዊ የተራራ ጥላ ውስጥ ነበር ያነሳሁት፣ ካሜራው ራሱ ቀለሙን ገምቶ ወደ ሮዝ ወስዶታል። ያልተነከረ ነጭ ሱፍ አስይዤ የካሜራውን ነጭ በእሱ ላይ አስተካከልኩ፣ ደግሜ አነሳሁ፣ አተምኩ። «ቀረበ» አሉ። ሦስተኛው ላይ ነው ራሳቸውን የነቀነቁት። ሁለቱን ለእኔ መልሰው ሦስተኛውን ከድሩ ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልተነከረ ሱፍ ቁራጭ ከቦርሳዬ አይጠፋም።

በማግስቱ ማራስን አየሁ። በሸለቆው ጎን ላይ ከ3,000 በላይ የጨው ገበታዎች እንደ ደረጃ ተደራርበዋል፤ ከተራራው ሥር የምትወጣ አንዲት ጨዋማ ምንጭ ናት ሁሉንም የምትመግበው። ገበታዎቹ የአካባቢው ቤተሰቦች ናቸው። ከ2019 ጀምሮ በገበታዎቹ መካከል መሄድ ስለተከለከለ የምታነሱት ከላይ ካለው መመልከቻ ነው። ቅር የሚላቸው ፎቶ አንሺዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። ሰው የሚበላው ጨው ነው፤ ጫማችን ምን ቤት አለው?

ወረቀቶቼ ብዙዎቹ ያለቁት ቄስዋቻካ ላይ ነው። ከአፑሪማክ ወንዝ በላይ፣ በገደል መካከል፣ 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ከሳር ብቻ የተሠራ ድልድይ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ አራት መንደሮች፣ ዊንቺሪ፣ ቻውፒባንዳ፣ ቾካይዋና ኮያና ኬዌ፣ አሮጌውን ፈትተው አዲስ ይዘረጋሉ። ዩኔስኮ በ2013 የመዘገበው ድልድዩን ሳይሆን ይህንን ዕውቀትና ሥርዓት ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ሳይታደስ ቀርቶ በመጋቢት 2021 ተበጥሶ ወንዙ ውስጥ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ መልሰው ዘረጉት።

ሥራው የሚጀምረው ከሳሩ ነው። ቆያ የሚባለው ጠንካራ የተራራ ሳር ይታጨዳል፣ በድንጋይ ይወቀጣል፣ ውኃ ይነከራል። ሴቶች ተዳፋቱ ላይ ተቀምጠው በሁለት መዳፋቸው መካከል እያሹ ቀጭን ገመድ ያወጣሉ፤ የሳሩ ጫፍ ሊያልቅ ሲል ሌላ ጭብጥ ያስገባሉ፣ ገመዱ አይቋረጥም። እኔም ሞክሬ ነበር፤ ከክንድ ያልበለጠ ገመድ ስሠራ መዳፌ ተልጦ ነበር። ከዚያ ወንዶቹ ቀጭኖቹን ሰብስበው፣ በመንገዱ ላይ ዘርግተው፣ እየጎተቱና እየገመዱ የሰው ጭን የሚያህል ወፍራም ገመድ ያደርጓቸዋል። አራቱ ለወለሉ፣ ሁለቱ ለመደገፊያ። የተራራውንና የምድርን መንፈስ የሚማጸነው አዋቂ መሥዋዕቱን አቅርቦ ሳይፈቅድ ሥራ አይጀመርም። ከጎንና ከጎን ሆነው ድልድዩ ላይ ተቀምጠው የሚጎነጉኑት ባለሙያዎች ቻካሩዋክ ይባላሉ፤ ከእግራቸው በታች ወንዙ ይጮኻል፣ እነሱ ወደ ታች አያዩም።

በአማርኛ ላስረዳችሁ ብል ቃል አልፈልግም፤ ደቦ ነው። ኬችዋዎቹ «ሚንካ» ይሉታል፣ ወንፈሉን ደግሞ «አይኒ»። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድርሻ ገመድ ይዞ ይመጣል፣ ያላመጣ ይታወቃል።

እዚያ በመጀመሪያው ቀን ካሜራዬን አላወጣሁም፤ ሳር ተሸከምኩ። በሁለተኛው ቀን ራሳቸው «ፎቶ አንሺው» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ያስገረመኝ የሚጠይቁኝ ፎቶ ነው። አንድ ሽማግሌ፣ «ታይታይ» ይሏቸዋል፣ እኛ አባባ እንደምንለው፣ ፊታቸውን ትቼ ገመዳቸውን እንዳነሳላቸው ጠየቁ፤ የገመዱን ቋጠሮ፣ ከድንጋዩ ጋር የታሰረበትን። ሌላው አሮጌው ድልድይ ተቆርጦ ወደ ወንዙ ሲወድቅ ያለውን ፈለገ። እኔ ደግሞ እሱን ያነሳሁት በአጋጣሚ ነበር፣ ትንሽ የደበዘዘ። «ይሁን፣ ስጠኝ» አለኝ። «አምና የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሲሄድ ላየው ነው።»

ቲቲካካ ስደርስ አራት ወረቀት ቀርቶኝ ነበር። ሐይቁ 3,812 ሜትር ላይ ነው። ውኃው ሰማያዊ ከመሆኑ የተነሳ ፎቶው ውስጥ የተቀባ ይመስላል። ከፑኖ ወጣ ብሎ የኡሮስ ሰዎች ቶቶራ ከሚባለው የሐይቅ ሸምበቆ በሠሩት ተንሳፋፊ ደሴት ላይ ይኖራሉ፤ ቤቱም፣ ጀልባውም፣ ከእግር ሥር ያለው ምድርም ያው ሸምበቆ ነው። የሥሩ ሲበሰብስ ከላይ አዲስ ይነጠፋል። ስትራመዱበት እንደ ፍራሽ ይሰጥማል።

አንድ አባት ጀልባ ሲያስሩ አገኘኋቸው። በቶቶራው ነዶ ላይ ገመድ ያዞራሉ፣ ጉልበታቸውን ነዶው ላይ አሳርፈው ይስባሉ፣ ያስጨንቃሉ። ልቤ ዘለለ፤ የማውቀው እጅ ነው። የእኛ ሰዎች ጣና ዳር ደንገሉን ሲያስሩ ጉልበታቸውን የሚያሳርፉት እዚያው ነው። በ1970 የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል «ራ 2» ብሎ አትላንቲክን ያቋረጠባት መርከብ የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር፤ ሠሪዎቹ ደግሞ ከቦሊቪያ ወገን የመጡ የቲቲካካ ሰዎች ነበሩ። የኛ ሐይቅ ሸምበቆ በእነሱ እጅ ታስሮ ከሞሮኮ ባርቤዶስ ገባ። ይህን ስነግራቸው ሥራቸውን አቁመው «ደንገሉ እንዴት ነው፣ ይቆያል?» አሉኝ። ውኃ ቶሎ እንደሚጠጣ፣ ታንኳ በየጊዜው ወጥታ ፀሐይ መሞቅ እንዳለባት ነገርኳቸው። «ይሄም እንደዚያው ነው» አሉ።

ስልኬን ከፍቼ ከሦስት ዓመት በፊት ባሕር ዳር ያነሳሁትን የታንኳ ፎቶ አሳየኋቸው። ማለዳ ነው፣ አንድ ሰው እንጨት ጭኖ ይቀዝፋል፣ ውኃው ወርቅ መስሏል። እኔ የምወደው ብርሃኑን ነበር። እሳቸው በሁለት ጣታቸው አስጠግተው የታንኳዋን አፍንጫ አዩ፣ ማሰሪያውን ቆጠሩ፣ የተጠቀለለበትን አቅጣጫ በእጃቸው አየር ላይ ደገሙት። ከዚያ ወደ ቀዛፊው ፊት አመጡትና «ይሄ ሰው ማን ይባላል?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ባሕር ዳር ካለው ድልድይ ላይ ሆኜ በረጅም ሌንስ ነው ያነሳሁት። አልጠራሁትም፣ አላየኝም።

ለእሳቸው የራሳቸውን አተምኩላቸው፣ ከጀልባቸው ጋር። ለባለቤታቸውም አንድ። በቀሩት ሁለት ወረቀቶች ላይ የታንኳውን ፎቶ ሁለት ጊዜ አተምኩ። አንዱን እሳቸው ወስደው ከቤታቸው የሸምበቆ ግድግዳ ላይ፣ ማሰሪያው መሐል ሰካኩት። ሁለተኛው ከካሜራዬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ከኋላው ላይ ፎቶው የተነሳበትን ቀንና ሰዓት ጽፌበታለሁ። ለጥምቀት አገር ቤት እገባለሁ። እንጨት የሚያራግፉበትን ዳርቻ አውቀዋለሁ፣ ከአያቴ ቦታ ሩቅ አይደለም፤ ከዚያ ተነስቼ እጠይቃለሁ።